ያላስቀመጥኩት መጥረቢያ

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው። ቀኙ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል።

ውሸት ለማውራት እንዲህ የሚደክም ሽማግሌ የለም።

የሆነው በቀን ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ነበረች...

አርባ ዓመት ሥጋ ቤት ሠርቻለሁ። ልጄ የሕፃናት ጌም ይሠራል። አንድ ቀን መጣና፣

"አባዬ፣ የመጥረቢያ አመታትህን እፈልገዋለሁ" አለኝ።

"ለማን?"

"ለድብ።"

ጌሙ ውስጥ አንድ ድብ አለ። በመጥረቢያ ዱባ ይፈልጣል። ዱባዎቹ ዓይን አላቸው፤ ይሮጣሉ። ለትንንሽ ልጆች ስለሆነ ደም የለም። ዱባው ሲፈነዳ ኮከብ ይረጫል።

ቢሮው ወሰደኝ። ጥብቅ ጥቁር ልብስ አልብሰው ሰውነቴ ላይ ትንንሽ ኳሶች ለጠፉብኝ። ካሜራዎች ዙሪያዬን ቆሙ። እንቅስቃሴዬን ቀድተው ለድቡ ሊሰጡት ነው።

"ሙሽራ መሰልክ አባዬ!"

"ሥራህን ሥራ።"

የእንጨት መጥረቢያ ይዤ ሰባት ጊዜ መታሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ አስቀመጥኩት። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ያወረሰኝ ነው፤ የመጨረሻው ምት ካለፈ መጥረቢያው ይጠረጋል፣ ስለቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ "በቃህ" ይባላል። ይህን ሳያደርግ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሥጋ ሻጭ አላውቅም።

ልጄ ያንን ከቀረጻው ቆርጦ ጣለው።

"ምነው?"

"ልጆች መጠበቅ አይወዱም። ሲነኩት ይመታል፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚያስቀምጠው?"

"አያስቀምጥም።"

ደስ አላለኝም።

ጌሙ የተለቀቀ ቀን ልጄ ቤት ነበርኩ። የእሱን ልጅ ፌንጣ ነው የምንላት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም። ያን ቀን ግን ስልኩ ላይ ጌሙን ከፍታ ምንጣፉ ላይ ጸጥ ብላለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ለሾርባ አጥንት በመጥረቢያ እሰብራለሁ። ልጄ ከጎኔ ሽንኩርት ይልጣል።

ፌንጣ ስልኩን ነካች።

ክንዴ ተነሣ።

እኔ አላነሣሁትም...

ነካች። ወረደ። አጥንቱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

"ቀስ በል አባዬ!"

"እኔ አይደለሁም" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ራቅ... ራቅ በል!"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። አጥንቱን ሊያስተካክልልኝ እጁን ዘረጋ።

ፌንጣ ነካች።

ሦስት ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ደሙ እስከ መስኮቱ ተረጨ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲጮህ ክንዴ እንደገና ተነሥቶ ነበር። አሁን አንገቱ ከሥሬ ነው።

"ስልኩን ጣይ!"

"አባባ፣ አንዴ ብቻ! ላሸንፍ ነው!"

ትከሻዬን በሙሉ ኃይሌ ከግድግዳ አጋጨሁት። ሲሰበር ሰማሁት። መጥረቢያው ከልጄ ጆሮ አጠገብ እንጨቱ ውስጥ ተሰካ። ልጄ በደህና እጁ ስልኩን ነጥቆ ፈጠፈጠው።

ክንዴ ግን አልቆመም። በተሰበረ ትከሻ... ባዶ እጅ... ከፍ፣ ዝቅ።

ጌሙን የሚጫወቱ ሌሎች ልጆችም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። ሁልጊዜ አሥር ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ይጀምረኛል። ቅዳሜ ከጠዋት ነው። ልጄ ጌሙ እንዲነሣ ባልደረቦቹን ለመናቸው። "ልጆች እንዲህ የወደዱትን?" አሉት።

እዚሁ ልጄ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ እሰሩኝ ያልኩ እኔ ነኝ። ፌንጣ እንዳትቀርበኝ አልኩ። በየማታው እጄን ወደ ግድግዳ አዙሬ "በቃህ" እለዋለሁ።

ዛሬ አሥር ሰዓት ሆነ። ክንዴ አልተነሣም።

አሥር ተኩል... ዝም።

ሰማኝ ብዬ አለቀስኩ። ገመዱን ልፈታው ግራ እጄን ሰደድኩ።

ገና አሁን በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ፌንጣ ናት። ስልክ ከተከለከለች ሦስት ሳምንቷ ነው። ምንም አልያዘችም።

"አባባ..." አለች በለሆሳስ። "አልወርድ አለኝ።"

ቀኝ ክንዷ ከራሷ በላይ ተነሥቷል። ጣቶቿ እጀታ የጨበጡ ይመስል ታጥፈዋል።