ከማዶ የሚጣራው

ወራጁ ወንበር ገደሉን እየታከከ ቁልቁል ሲንሸራተት አያልሰው እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊቱን በቃሉ ይደግም ነበር። ያለ ገመድና ያለ ክንፍ በአየር ላይ መውረድ ለእርሱ ታክሲ ከመሳፈር አይለይም። ወንበሩ ከጀማ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ቁልቋል ጥላ ሥር፣ እንደ ላባ አረፈ።

"ሸንጎው ደግሞ ጆሮ ላከብን?" አሉ የጥብቅ ሸለቆው ጠባቂ እትዬ ደብሬ፣ የተበጠሰ የጫማ ጠፍር እየሰፉ። "እኛ እኮ አፍ ስንጠብቅ ነበር።"

"አፍማ እናንተ ጋ ሞልቶ!" ብሎ ሳቀ። "ማዶ ጎብኚው ሲንጫጫ እስከ አፋፉ ይሰማል።"

እትዬ ደብሬ አልሳቁም። "ሰማህ አይደል? እንግዲያ ሥራህን ጨርሰህ ፀሐይ ሳትበረታ ውጣ።"

ይህች ችኮላ አልጣመችውም። በቆላ አገር እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ "ውጣ" አይባልም።

አያልሰው የወንዞች ሸንጎ አድማጭ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ሰው የማይጎበኘው ወንዝ ቱቦ ገብቶ ለከተሞቹ ይቀዳል። ሰዉ ደግሞ ከቤቱ መውጣት ከተወ ቆይቷል። "ሩቅ መስኮት" የሚሉት፣ የፈለጉትን አገር ከነሽታው ሳሎን ድረስ የሚያመጣ መስታወት፣ በየግድግዳው ተሰቅሏል። በየሸለቆው ዝምታ ሲነግሥ እዚህ ብቻ ሁልጊዜ ጫጫታ ነው። አያልሰውን ያስመጣውም ይኸው ነው።

ባቄላ የሚያህሉትን ጆሮ ጠጠሮች፣ የሰሙትን ሁሉ ለጆሮው የሚያቀብሉትን፣ በዳርቻው በትኖ ተቀመጠ። መጀመሪያ የጠረጠረው ወንዙን ነበር። ተቀድቶ የሚሰማ የውሃ ድምፅ ይዋል ይደር እንጂ ራሱን ይደግማል። ይህኛው አልደገመም። ከላይ ዘንቦ ስለነበር ድፍርስ ሆኖ ያጉረመርማል። በገደሉ ወገብ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። እነርሱም እውነተኛ ናቸው። ከማዶ፣ ከወይራው መካከል፣ ሳቅ ይሰማል፤ ሳል ይሰማል፤ አንዲት ሴት ልጅዋን ትጠራለች።

ሰው ካለ ግን ጭሱ የታለ? ዝንጀሮዎቹስ ያ ሁሉ ጫጫታ ሲነሣ ምነው አንዴ እንኳ ቀና አላሉ?

ተነሥቶ እናቱ በልጅነቱ እንዳስተማረችው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። "ማዶ!"

"ወይ!" አለ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ ወዲያው።

"ውሃው እንዴት ነው?"

"እስከ ጉልበት ነው! ና ተሻገር!"

ይህ ጥሪ በሸለቆ ሰው ዘንድ እንደ መሐላ ነው። የተሻገረ ላልተሻገረ እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ውሃ የዋሸ ነፍስ እንዳጠፋ ይቆጠራል። ለዚህም ነው አያልሰው ዓይኑ ያየውን ትቶ ጆሮው የሰማውን አምኖ አንድ እግሩን የነከረው። ሁለተኛውን ሲያነሣ ከነሥሩ የተነቀለ ሾላ እየተገላበጠ በፊቱ አለፈ፤ የእትዬ ደብሬም እጅ ከኋላ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

"አትግባ! ደረት አልፏል! በእናትህ አትግባ!"

ሁለቱም አሸዋው ላይ ወደቁ።

"እትዬ ደብሬ፣ ያ ሰውዬ ማነው?"

እትዬ ደብሬ አሸዋውን ከነጠላቸው ማራገፍ ጀመሩ፤ ከረገፈ በኋላም አላቆሙም። "ባሌ ነው። አምባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና። ድምፁን በበጋ ነው ያስቀረሁት። ያን ቀን ውሃው እውነትም ጉልበት ነበር።"

"ሌሎቹስ?"

"የመንደራችን ሰዎች። እኩሉ ሞቷል፣ እኩሉ ከተማ ገብቶ መስታወቱ ፊት ተገትሯል። ድምፃቸውን ማዶ፣ ሲጠሯቸው በሚመልሱ ድንጋዮች ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሰው የለም ካልኩማ ወንዜን ይወስዱብኛል!"

በዚህ መካከል የሸንጎው ጸሐፊ ለስላሳ የሴት ድምፅ በጆሮው መጣ። "አቶ አያልሰው፣ ማዶ ሰው አለ?"

ምን እንደተጠየቀ ለእትዬ ደብሬ ከፊቱ ገባቸው። አልለመኑትም። "እኔ በውሸቴ ላስበላህ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ግን ስለ ውሃ አትዋሽ።"

"የለም" ለማለት አፉን ከፈተ፤ ወንዙን አይቶ ተወው። "ወይዘሪት፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንዳችሁ መጥታችሁ ብታዩትስ?"

"አቶ አያልሰው፣ ማዶ ሰው አለ?"

ቃሉ ያው፣ ልስላሴው ያው፣ "ሰው" ከማለቷ በፊት የምትስባት ትንፋሽ እንኳ ያችው። ስንቱን ድንጋይና ስንቱን ፏፏቴ ሲጠረጥር ኖሮ፣ ይህችን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሯት አያውቅም።

"ወይዘሪት" አላት፣ "ውሃው እንዴት ነው?"

"አቶ አያልሰው፣ ማዶ ሰው አለ?"

አማተበ። "እትዬ ደብሬ፣ የጸሐፊዋም ድምፅ የተቀዳ ነው። የቀረው ጎብኚው ብቻ አይደለም። ፈራጁም ቀርቷል።"

"እና ምን ልትላት ነው?"

"እውነቱን። ግን ውሃው እስኪጎድል ትጠብቅ። እርስዎ ድንጋዮቹን ዝም ያሰኙልኝ።"

ዝም አሰኟቸው፤ አምባዬን ግን መጨረሻ ላይ። ያን ጊዜ ሸለቆው ውስጥ ወንዙ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሃው ጎደለ። አያልሰው ሱሪውን ጠቅልሎ በበትር እየለካ ተሻገረ።

"እስከ መቼ እዚያ ልትቆም ነው?" ብለው ነበር ሲሸኙት።

"ሌላ ሰው እስኪመጣ።"

ወይራው ሥር እንደደረሰ ድምፅዋ መጣች። "አቶ አያልሰው፣ ማዶ ሰው አለ?"

"አለ" አለ። "እኔ አለሁ።"

"እናመሰግናለን። ወንዙ ይቆያል።"

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ነገር ግን ማን እንዳመሰገነው ሲያስብ ደስታው አፉ ላይ መረረ። ከወዲያ ዳር እትዬ ደብሬ፣ ትንሽዬ ሆነው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ማዶ!"

"ወይ!" አለ።

"ውሃው እንዴት ነው?"

"ጉልበት ነው!"

በገደሉ ወገብ ላይ ሣር ይነጩ የነበሩት ዝንጀሮዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ።