ራሳቸውን አንቱ ያሉት ሟች

የትልቁ አለቃ የላውፊሎ ሬሳ ጠዋት የተገኘው ባሕሩ ሸሽቶ ውኃው ከጉልበት በታች በቀረበት ቦታ ነው። «ራሳቸውን አሰጠሙ» ተባለ። ይህን ያመኑት እንግዲህ ለነጻይቱ ሳሞአ ሕገ መንግሥት ሊጽፉ አፒያ የተሰበሰቡት ጠቢባናችን ናቸው! ሐዘናቸውም ለሬሳው ሳይሆን ስብሰባው ስለዘገየባቸው ነበር።

ጠቡ በአንድ አንቀጽ ላይ ነው። ጉባኤተኛው ሁሉ ማታይ፣ ማለትም ባለማዕረግ የቤተሰብ አለቃ ነውና፣ መራጩም ማታይ ብቻ እንዲሆን ፈለገ። ላውፊሎ ግን «ልጄም ትመርጣለች» ብለው ድርቅ አሉ። ዛሬ ሊናገሩ ነበር፤ ሲናገሩ ደግሞ ሰው ይሰማቸዋል።

ሳጅን ኢሳራ ከቤታቸው የተገኘውን በሳሞአኛ የተጻፈ ወረቀት አነበበ፦ «ከማኦታዬ ወጥቼ ወደ ባሕሩ ሄጃለሁ። ተሳስቼ ነበር፤ መራጩ ማታይ ብቻ ይሁን።»

«በጉባኤው ታይፕራይተር ነው የተመታው» አለ። «ትናንት ማን ነካው?»

ሦስት ሰዎች ነክተውታል፤ አንድ በአንድ ጠየቃቸው።

«አባቴ ቃሉን አያጥፍም» አለች ልጃቸው ቴዊላ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ይህ ወረቀት ጉባኤው ላይ ከተነበበ በአባቴ አፍ የእኔን አፍ ሊዘጉት ነው!»

«እኔ በሳሞአኛ እንደምን አደራችሁ ማለት እንኳ አልችልም» አለ የሕግ አማካሪው ሚስተር ኮልቢ። ከኒውዚላንድ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አላፈረም።

የሟቹ አፈ ቀላጤ ፖሉማ ግን ተቆጣ። «ሠላሳ ዓመት በአደባባይ የተናገርኩላቸው እኔ ነኝ! አንተ ማዕረግ የለሽ፣ እኔን ልትጠይቅ?»

ኢሳራ ሁሉንም ወደ ጉባኤው ቤት ጠራ።

«ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነው። ሰው ራሱን ከኋላ አይመታም» አለ። «ገዳዩን የነገረኝ ግን አንድ ቃል ነው፤ ማኦታ።»

«ቤት ማለት አይደለም እንዴ?» አለ ኮልቢ።

«የሌላ ትልቅ ሰው ቤት። የራስ ሲሆን ፋሌ ነው፣ ባለቤቱ ምንም ትልቅ ቢሆን። ታዲያ ሟቹ ራሳቸውን አንቱ እያሉ ሞቱ? እርስዎ፣ ሚስተር ኮልቢ፣ ይኸው ቃሉን በቅጡ አያውቁትም። ቴዊላም ብትሆን የአባቷን ቤት ሰው ፊት ፋሌ ነው የምትለው። ያንን ቤት ዕድሜውን ሙሉ ማኦታ ሲል የኖረ አንድ ሰው ነው።»

ፖሉማ በትሩን ጨብጦ ተነሣ። «ታዲያስ! ማንም ውዳቂ ከእኔ እኩል ይምረጥ?»

«ፋሌ ብለህ ብትጽፍ እኮ አላገኝህም ነበር።»

«የእሳቸውን ቤት? እኔ?» ፖሉማ ከልቡ ደነገጠ። «ገደልኳቸው እንጂ አላዋረድኳቸውም!»

ከጉባኤተኛው መካከል በአድናቆት ራሱን የነቀነቀ አልጠፋም። እፍረተ ቢሶች!

ፖሉማ ታስሮ ሲወጣ ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ወደ አንቀጹ እንመለስ» አለ። የፖሉማ የአጎት ልጅ መጥቶ ምንጣፉ ላይ በቦታው ተቀመጠ። ሐሰተኛው ወረቀት ተቀደደ፤ እጅም ወጣ፤ መራጩ ማታይ ብቻ ሆነ።

ቤቱ ግድግዳ የለውምና ቴዊላ ውጭ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«ሳጅን፣ የአባቴ ድምፅስ?»

«የሞተ ሰው አይመርጥም፣ እህቴ።»

«እኔስ?»

ኢሳራ ባርኔጣውን አጠለቀ። እሱም ማታይ አልነበረም።