አስራ አንድ ቁጥር

የነርሷ አፍ ከልቧ ግማሹን እንኳ ተናግሮ አያውቅም። የቀረውን የሚናገርላት ግንባሯ ነበር። በሁለቱ ቅንድቦቿ መሀል ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ፤ ሲከፋት ይጠልቃሉ፣ ሲደላት ይጠፋሉ። በልጅነቷ «ምን ሆንሽ?» ስትባል መልሷ ሁልጊዜ «ምንም» ነበር። እናቷ ግን ግንባሯን አየት አድርጋ «ውሸታም!» ትልና እቅፏ ውስጥ ታስገባታለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ «ምንም» ስትል ሁሉም አምኗት ያልፋል።

ሥራዋ ሲታሰብ ደግሞ ያስቃል። የምትኖረው የሰው ግንባር በማለስለስ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ዶክተሯ ግንባር ለጥቂት ወራት እንዳይቋጠር ይዞ መጨማደድን የሚያጠፋውን መርፌ ትወጋለች፤ ነርሷ ደግሞ ፊቱን ታጸዳለች፣ የሚወጋውን ቦታ በነጭ እርሳስ ነጥብ ነጥብ ታደርግበታለች፣ ፎቶ ታነሳለች።

«ግንባርዎን ይቋጥሩ» ትላለች፤ ደንበኛዋ ትቋጥራለች። «ይፍቱት» ትላለች፤ ትፈታዋለች።

ቀኑን ሙሉ ሲቋጠርና ሲፈታ አይታ ወደ አንድ ክፍል ቤቷ ትመለሳለች። ታናሽ እህቷ አግብታ ከወጣች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የሚቋጠርባትም የሚፈታላትም ፊት የለም። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ ልብስ ትከምርበታለች።

ከክሊኒኩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጂም አለ። ብረት በወደቀ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ዶክተሯ መርፌዋን አየር ላይ አቁማ «ይለፍ» ትላለች፤ ሲያልፍ ትወጋለች። ከብረቱ በፊት ግን ሁልጊዜ ሦስት ጭብጨባ ይሰማል፤ አሠልጣኙ ሰዎቹን ሥራ የሚያስጀምርበት ነው። ነርሷ ሰውየውን አንድም ቀን ሳታየው ሁለት ዓመት ሙሉ በጭብጨባው ሰዓቷን ስታስተካክል ኖረች።

አንድ ቀን ባለጭብጨባው ራሱ ወረቀት ይዞ ከተፍ አለ። ረጅም፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ፣ የቁጣውን ግማሽ ደረጃው ላይ ጨርሶ የመጣ የሚመስል ሰው ነበር።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

የራሷ ወረቀት ነው። ደንበኞች ከተወጉ በኋላ ይዘውት የሚሄዱት ምክር፦ የተወጋውን ቦታ አትሹት፣ በፊታችሁ አትደፉ፣ ለ24 ሰዓት ከባድ ስፖርት አትሥሩ። ነርሷ ሲቸኩላት «ሰዓት» የሚለውን አሳጥራ «ሰ.» ብላ ትጽፋለች። ይህን ወረቀት ስትጽፍ የ«ሰ»ን ቀኝ እግር ሳታውቀው አስረዝማ «ሳ.» አድርጋው ኖሯል፤ ይኸው ወረቀት ተባዝቶ ለሁሉም ታድሏል።

«ሃያ አራት ሳምንት!» አለ አሠልጣኙ። «ስድስት ሴቶች ናቸው ለስድስት ወር የተሰናበቱኝ። ምን አደረግኋችሁ?»

ነርሷ ክው አለች። ከአፏ የወጣው ግን «ይቅርታ» ብቻ ነው። ሰውየው ሌላ ሊጨምር ከንፈሩን ካላቀቀ በኋላ ግንባሯን አየና ቁጣው በረደ።

«ኧረ ይተዉት፣ ሰው አልሞተም። ግንባርዎ ላይ አስራ አንድ ቁጥር ተጻፈ እኮ!»

እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደችና ሳቀች።

«አሁን ደግሞ ተሰረዘ» አለ እሱም እየሳቀ።

ስድስቱ ሴቶች ተመለሱ፤ ክርክር ግን ይዘው ነው የተመለሱት። ከመካከላቸው ጠበቃዋ «ሜታቦሊዝሜ፣ ሰውነቴ ነገር የሚያቃጥልበት ፍጥነት፣ ከፍተኛ ስለሆነ መርፌው አይበረክትልኝም፤ ስፖርት ስጨምርበትማ ጭራሽ ይሟሽሻል» ትላለች። አሠልጣኙ «ላብ መርፌ አያጥብም» ይላል። ዶክተሯ «ብዙ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ቶሎ ለቀቀን ይላሉ፤ በጥናት ግን በቅጡ አልተረጋገጠም» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

«ታዲያ እኛ ለምን አናየውም?» አለ አሠልጣኙ።

ሴቶቹ እየሳቁ ፈቀዱ። አንድ ደብተር ተገዛ። እሱ እያንዳንዷ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትሠራ ይጽፋል፤ እሷ ግንባራቸው እንደገና መቋጠር የጀመረበትን ሳምንት ትጽፋለች። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ያመሳክራሉ። በሦስተኛው ሐሙስ አንቱታው ቀረ። በአምስተኛው ስሟም ቀርቶ «አስራ አንድ» ሆነች።

«አስራ አንድ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ግንባርሽ እንደዚያ አይልም።»

የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እሱም አላጣደፋት፤ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃውን ሲመለከት ቆየ።

«እህቴ ከደወለችልኝ ሦስት ሳምንቷ» አለች በመጨረሻ።

ከእናቷ በኋላ ይህን ከሆዷ ያወጣ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትገባ ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለውን ልብስ አነሳች። ለምን እንዳነሳችው ግን ለራሷም አልነገረችም።

የጥናቱ ነገርማ መሳቂያ ሆነ። በሳምንት አምስት ቀን የምትሠራው ጠበቃ በአስራ አንደኛው ሳምንት ግንባሯ ሲንቀሳቀስ «አላልኳችሁም?» አለች። በዚያው ሳምንት፣ ከወንበሯ መነሳት የሚከብዳት የመምህርቷም ተንቀሳቀሰ። ጠዋት ማታ ብረት የምታነሳው ጸጉር ሠሪ ደግሞ አስራ ስድስት ሳምንት ቆየላት።

«በስድስት ግንባር ሳይንስ አይሠራም» አለች ዶክተሯ። «እናንተ ደረጃ ላይ መቀመጥ አምሯችሁ ነው።»

ነርሷ በዚያች ንግግር ፊቷ ቀላ። የደብተሩ ሥራ ቢያልቅም ሐሙሶቹ አልቀሩም።

ሠላሳ ሰባት ዓመት በሞላት ሳምንት ዶክተሯ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረች። «ደንበኞች 'አንቺስ?' እያሉሽ ነው። ነይ ተቀመጪ።» ነርሷ ተቀመጠች። እውነቱን እንናገር፤ ለደንበኞች ብላ አልነበረም። ሐሙስ ሲያያት አምራ እንዲያገኛት ፈልጋ ነው።

«ቋጥሪ» አለች ዶክተሯ። ቋጠረች። «ፍቺ።» ፈታች።

በቀጣዩ ሐሙስ አሠልጣኙ ተወዳዳሪዎች ይዞ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሐሙስ ሲደርስ መርፌው ሙሉ በሙሉ ይዞ ግንባሯ እንደተተኮሰ አንሶላ ለጥ ብሏል። አሠልጣኙ መጥቶ ተቀመጠ። ዛሬ ቀልድ አልነበረውም።

«እናቴ ያለችበት ከተማ ማሠልጠኛ ተከፍቶ ጠርተውኛል» አለ። «ብሄድ የምሄደው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እናቴም ብቻዋን ናት፣ ና እያለችኝ ነው።» ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ አጣጠፈው። «እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ግን እቀራለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«አትሂድ» ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አፏ ግን ዕድሜ ልኩን የለመደውን አደረገ።

«እንዳመቸህ» አለች።

አልፈራችም። እንደ ሁልጊዜው ግንባሯን አይቶ «ውሸታም» እንደሚላት እርግጠኛ ነበረች። እሱም አየ። ቅንድቦቿ መሀል ያለውን ቦታ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ምንም አልተጻፈበትም።

«ገባኝ» አለ። ደብተሩን አንስቶ ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ጭብጨባ ተሰማ።

ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመችና «እንዳመቸህ» አለች። መስታወቱ ውስጥ ያየቻት ሴት የማታውቃት፣ ምንም የማይሰማት፣ ያለ ሰውም ደልቷት የምትኖር ሴት ነበረች።

«ፊት ነሳሁት» አለች።

በማግስቱ ዶክተሯን ያዘቻት። «ማፍረሻ የለውም?»

«የለውም። ነርቩን አንዴ ከያዘ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚለቀው። ሦስት ወር፣ አራት ወር።»

«ብሮጥስ?»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «የስድስት ሴቶች ግንባር ስትከታተይ የከረምሽው አንቺ ነሽ። እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ታዲያ ለምን አንድ ፎቅ ወጥታ አትነግረውም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ሁለት ጊዜ ሞክራለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ይቀመጡበት ከነበረው ደረጃ ተመለሰች። በዚህ በድን ፊት የምናገረው ሁሉ ውሸት ይመስላል ብላ አሰበች። ፊቴ ይመለስና ያኔ እሄዳለሁ፤ ከሁለት ወሩ በፊት ከተመለሰ ይደርሳል። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው «ስፖርት መርፌውን ያሟሽሻል» በምትለው ጠበቃ ላይ ነው።

ለአውቶቡስ እንኳ ሮጣ የማታውቅ ሴት ንጋት ላይ በሰፈሯ ትምህርት ቤት ሜዳ ዙሪያ መሮጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ዙር ሳትጨርስ ጎኗን ይዛ ቆመች። ሽማግሌው ዘበኛ ከበሩ ሆነው እየተመለከቷት ነበር።

«ልጄ፣ ማነው የሚያባርርሽ?»

«ማንም የለም አባባ» አለች። ማንም አለመኖሩ ያን ጠዋት ከጎኗ ውጋት የባሰ አመማት።

ከሩጫ መልስ መስታወት ፊት ትቆማለች። ቋጥሪ። ፍቺ። ምንም የለም። ሐሙስ ሲመጣ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ከላይ ጭብጨባው ይሰማታል፤ ባለቤቱ ግን በምሳ ሰዓት መውረድ ትቷል። እህቷ ስትደውል «ድምፅሽ ደህና አይደለም እትዬ» ትላለች፤ እሷም «ደህና ነኝ» ትላለች። እህቷ ታምናታለች።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

በልማድ ዓይኑ ወደ ግንባሯ ሄደ። ወዲያው ወደ ጫማው ዝቅ አለ። ልታስቆመው እጇን ግማሽ ድረስ አነሳች፤ እሱ ግን አልፏት ነበር። በማግስቱ የሜዳውን ዙር በእጥፍ ሮጠች።

መርፌውን በተወጋች በአስረኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ላቧ ሳይደርቅ መስታወት ፊት ቆማ ቋጠረች። አንዲት ቀጭን መስመር ብቅ አለች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ። ነርሷ አለቀሰች፤ ባለቀሰች ቁጥር አስራ አንዱ ጠለቀ። ሁለት ወሩ ሊሞላ ገና ሳምንት ይቀረው ነበር። ደርሻለሁ አለች።

በዋዜማው ሰኞ ከላይ በጭብጨባ ፋንታ ፊሽካ ሲነፋ ሰምታለች። አዲስ ነገር አምጥቶ ይሆናል ብላ አልፋዋለች። ወደ ሥራ በረረች፤ ክሊኒኩን አልፋ የቀራትን አንድ ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ተቀበለቻት።

«አሠልጣኙ? እናቱ ታማበት ቅዳሜ ሄደ እኮ።» ልጅቷ ግንባሯን ትኩር ብላ አየች። «አስራ አንድ የሚላት አንቺ ነሽ? ይህን ስጪልኝ ብሎኛል።»

ደብተሩ ነው። ደረጃዋ ላይ ቁጭ ብላ ገለጠችው። ከስድስቱ ሴቶች በኋላ ባለው ገጽ ላይ በእሱ እጅ አንድ መስመር ተጽፏል፦ «ሐሙስ። አስራ አንድ ጠፋ።»

ስልኳን አወጣችና ደወለች። ይኸው፣ ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቀችው ፊት በማይታይበት በስልክ ልትናገር ሆነ።

«ሃሎ?»

«አትሂድ ማለቴ ነበር» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ያን ሐሙስ። ቅርልኝ ማለቴ ነበር። እወድሃለሁ።»

ከኋላው የአሮጊት ሳል ይሰማል።

«ተወግቼ ነበር» አለች። «ፊቴ እምቢ ብሎኝ ነው። አላወቅህም?»

«ጠርጥሬ ነበር። ያን ሁሉ ግንባር ሳይ ከርሜ እንዴት ይጠፋኛል?» ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። «ግን መርፌው የያዘው ግንባርሽን ነው፤ አፍሽን አልያዘም ብዬ አሰብኩ።»

ደብተሩ ላይ «አስራ አንድ ጠፋ» የሚለውን መልሳ አነበበች።

«ብትመለስስ?» አለች ቆይታ።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት። ደግሞ ልቤን አስጨክኜ ነው የወጣሁት፣ ሆዴ። አሁን ብፈታው መልሼ አልቋጥረውም።»

ሆዴ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

«ስንት ሳምንት ቆየብሽ?» አለ በመጨረሻ።

«አስር።»

«አስር ብቻ? ምን አድርገሽ?»

«ሮጥኩ። በየቀኑ። ሳትሄድ ልደርስብህ።»

ሲተነፍስ ሰማችው። «ጻፊዋ» አለ፣ ቃሉ እየተቆራረጠበት። «ሰባተኛዋ አንቺ ነሽ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እስክሪብቶ ፈለገች። በሰባተኛው መስመር «አስራ አንድ» ብላ ጻፈች። ስንት ቀን በሚለው ሥር «በየቀኑ»። ስንት ሳምንት በሚለው ሥር «አስር»። ማስታወሻ የሚለው አምድ ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች። ከዚያ የእያንዳንዱን ፊደል እግር እየተጠነቀቀች፣ ሳታሳጥር፣ «ዘገየች» ብላ ጻፈች።