ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት

ትንሣኤ ሌላ ቆርቆሮ ከፈተች። ላዩ ላይ «የሕፃናት ወተት» ይላል፤ ውስጡ ግን አብሽ ነው። ከዚያ በፊት የስኳሩ ዕቃ ውስጥ ጧፍና የመርፌ ክር አግኝታለች፤ ስኳሩን ደግሞ የሽሮው ማሰሮ ውስጥ፣ በፌስታል ተቋጥሮ። ብቅሉ ብቻ የለም።

«ሰው ስኳርን በስኳር ዕቃ ቢያስቀምጥ ምን ይሆናል?» አለች፣ ማንንም ሳይሆን ማድ ቤቱን።

«እኔና አንች እንዳንልሰው ነዋ» አለ ወንድሟ ዮናስ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ዐይኑንም ከስልኩ አላነሳም።

«ገብተህ ብታግዘኝስ?»

«የብቅል መልኩን እንኳ አላውቀውም። አቦ አትነጅሺኝ።»

እሷም በቅጡ አታውቀውም፤ ያበገናት ይኸው ነው። እናታቸው ሙሉ በሕይወት ሳለች ማንንም ወደ ማድ ቤት አታስጠጋም ነበር። ትንሣኤ ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ቢላዋ ስታነሳ «ሂጅ ጥናትሽን አጥኝ፣ ይኼ የኔ ነው» ብላ ትቀማታለች። እሺ፣ ያንችው ይሁን። አሁን ባለቤቷ የለችም፤ የቤቱ ዕቃ ሁሉ የት የት እንዳለ ጭንቅላቷ ውስጥ ይዛው ሄዳለች። ከሞተች ወዲህ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ በርበሬ ውስጥ ነው የተገኘው።

ጣጣው የመጣው በጽዋው ነው። ሙሉ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበረች። ማኅበርተኞቹ ወር በገባ በዐሥራ ስድስት በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለተራው ዳቦ ጋግሮ ጠላ ጠምቆ ያስተናግዳል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በየካቲት ጽዋውን ይዛ የገባችው ሙሉ ነበረች። መጋቢት ሳይጋመስ ሞተች። ማኅበሩ ሐዘኑን አይቶ ሁለቱን ወር ሌላ ሰው ቤት አሳለፈ፤ ጽዋው ግን ከነጨርቁ ከመደርደሪያው ላይ አልተነሳም። አሁን የግንቦት ኪዳነ ምሕረት ደርሷል። የትንሣኤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደግሞ ሰኔ ላይ ነው።

ድግሱ ብቻ ቢሆን እንደ ምንም ትወጣው ነበር። ነገር ግን የዚያን ዕለት በሟቿ ቦታ ማን እንደሚገባ ይጠየቃል። የሚገባ ከተገኘ ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር የሙሉ ስም በጸሎት ይጠራል። የሚገባ ከጠፋ ጽዋው ዳግመኛ ወደዚህ ቤት አይመጣም፤ ስሟም ቀስ እያለ ይረሳል። ሰዉ ሁሉ ማን እንደሚገባ ወስኖ ጨርሷል። ትንሣኤን የጠየቃት ግን የለም።

«አገኘሽው?» ሲሉ እትዬ ብርቱካን ከተፍ አሉ። የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከጋፋት በኩል በእግራቸው መጥተው ነጠላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ዕቃውን ማገላበጥ ጀመሩ።

«የለም እትዬ። ምናልባት የጫማ ካርቶን ውስጥ ይሆናል።»

«አዬ ሙሉ» አሉ እትዬ ቀልዱን ሳይሰሙት። «ቁጭ ስትል አይቻት አላውቅም እኮ። ደከመኝ የምትል ቃል ካፏ ወጥታ አታውቅም። እንግዲህ የቤቱ እናት አንች ነሽ ልጄ፤ የሷን እግር መከተል ነው።»

ትንሣኤ ጥርሷን ነከሰች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይኼን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን የለም። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ክፍል ኃላፊዋ ሳይቀር ተማክረው የመጡ ይመስል አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ይመጣሉ። ቁጭ ብላ አታውቅም። ደከመኝ ብላ አታውቅም። ተቆጥታ አታውቅም። ተቆጥታ አታውቅም? ዮናስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ ጫማ የወረወረችበት ማን ነበር?

ደግሞም ቁጭ ትል ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ አፉ የተሰበረ ቢጫ ጀሪካን አለ። ሙሉ ዕቃውን አጥባ ስትጨርስ እሱ ላይ ትቀመጥና ሻሿን ፈታ፣ እግሯን ዘርግታ «ወይኔ ወገቤ» ትላለች፣ በለሆሳስ። የሰው ኮቴ ከሰማች ብድግ ነው። ትንሣኤ በመስኮት ስንቴ አይታታለች። ሰዎቹ እናቷን ወስደው በምትኳ የማታውቃት ሴትዮ ያመጡባት ይመስላታል፣ የማይደክማትና የማትናደድ ሴትዮ። እሷን ሴትዮ አትናፍቃትም። የምትናፍቃት ጫማ ወርዋሪዋን ነው።

«ከድንቹ ጀርባ እይ እስቲ» አሉ እትዬ።

ትንሣኤ የድንቹን ጆንያ ጎትታ ገለል አደረገችው። ብቅል አልነበረም። አፉ በጭቃ የተመረገ እንስራ ግን ነበር፤ በደረቀው ጭቃ ላይ የጣት ምልክት ይታያል።

እትዬ ብርቱካን ጎንበስ ብለው በቢላዋ ጫፍ ጭቃውን ሰበሩ። ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ኮምጣጣ ሽታ ማድ ቤቱን ሞላው፤ ዮናስ እንኳ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«ጥንስስ ነው» አሉ እትዬ። «ለተራዋ ጠንስሳው ነበር ለካ። ጌሾውን ዘፍዝፋ፣ ብቅሉን ጨምራ፣ መርጋው ነበር ለካ።» እንባቸው ግጥም አለ። «ታማ እኮ ነው። እዩዋት እንግዲህ፣ ታማም አላረፈች። እንዲህ ያለች ሴት የት ትገኛለች?»

ትንሣኤ ግን ሌላ ነገር ነበር የታወሳት። በየካቲት መጨረሻ አባቷ ሙሉን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወስዷት ነበር። ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ከባድ ዕቃ አታንሽ፣ ተኝተሽ እረፊ ተባለች። ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ይኼን የሚያህል እንስራ በጭስ አጥና፣ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ሞልታ፣ ጥግ ድረስ የገፋችው። ቤት ውስጥ ሦስት ጤነኛ ሰው ነበረ።

«ይኼ ደስ የሚል ነገር አይደለም እትዬ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ተኝተሽ እረፊ ተብላ ነበር። አንዳችን ከእጇ ልንቀማት ይገባ ነበር። እናንተ ደግሞ ታመሰግኗታላችሁ።»

«አንች ልጅ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ። «በይ ይኼን ድፊውና እንስራውን እጠቢ። ብቅል ከቤቴ አመጣለሁ።»

ትንሣኤ እንስራውን እየጎተተች ወጥታ ደፋችው። አጥንቷ ድረስ ተናዳ ነበር። በእትዬ፣ በአባቷ፣ በዮናስ፣ በራሷ፤ ከሁሉም በላይ በእናቷ። «ምን ነበረበት ኑ አግዙኝ ብትይ?» አለቻት፣ ባዶውን እንስራ በጌሾ እንጨት እየፈተገች። ሳታስበው አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ፈተገችው።

የበዓሉ ዕለት ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ መጡ። የእትዬ ብርቱካን ጠላ ደርሷል፤ ዳቦው ተቆርሷል። አባቷ ይሻው ጎሚስታ ነው፤ የዚያን ቀን የጎማ ሥራውን ዘግቶ፣ እጁን በኦሞ ቢያሽም ያልለቀቀ ጥቁር ጣቱን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ጥግ ተቀምጧል። ዮናስ ከጓሮ በር አጠገብ ነው። ትንሣኤ ጆግ ይዛ ትዞራለች። እግሯ ዝሏል፤ የሒሳብ መጽሐፏ ትናንትም ዛሬም አልተከፈተም።

የማኅበሩ ካህን መምሬ ተክሌ ጽዋውን ባርከው ስለ ሙሉ ጥቂት ተናገሩ። ከዚያ እትዬ ብርቱካን የእንስራውን ነገር አንድ ሳያስቀሩ አወሩት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ታማ ጠነሰሰች?»

«ታማ።»

«እሷ እኮ ቁጭ ስትል ያያት የለም።»

«እንግዲህ» አሉ መምሬ ተክሌ፣ «በእኅታችን በሙሉ ቦታ ማን ይገባል?»

«ትንሣኤ ናታ» አሉ እትዬ ብርቱካን ወዲያው። «ሌላ ማን አለ? የጠላውንም አጠማመቅ ዐይታለች፣ እጇም እንደ እናቷ ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጆጉ እጇ ላይ ከበዳት። እሺ ብትል ምን እንደሚከተል ቁልጭ ብሎ ታያት። ዛሬ የማኅበር ጠላ፣ ነገ የአባቷ ምሳ፣ ከነገ ወዲያ የዮናስ ሱሪ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሰው ተነስቶ ቁጭ ብላ አታውቅም ይላታል። እምቢ ብትል ደግሞ የእናቷ ስም ከዚህ ክፍል ይወጣል። ሁለቱንም አልፈለገችም።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ ልጄ።»

«እማዬ ቁጭ ትል ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ ጀሪካን አላት፣ እሱ ላይ። ወገቧንም ያማት ነበር፣ ደከመኝም ትል ነበር። ሰው ሲመጣባት ስለምትነሳ ነው ያላያችኋት።» ጆጉን መሬት አስቀመጠችው። «ጥንስሱን የጠነሰሰችው እረፊ ተብላ ነው። የሚያግዛት ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ስለማይደክማት አይደለም። ይቅር በሉኝና፣ እኔ በቦታዋ አልገባም። ስሟ እንዲቀር ግን አልፈልግም።»

ዮናስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ኀፍረትም ሊሆን ይችላል፣ ቁጣም።

«እኔ እገባለሁ» የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። አባቷ ነው። ከተቀመጠበት ግማሽ ተነስቷል፤ ጥቁር ጣቶቹ ከጋቢው ወጥተዋል።

አንዲት ማኅበርተኛ ሳቅ አሉ። «ይሻው፣ አንተ ገብተህ ማን ሊጠነስስልህ?»

አባቷ ወደ ትንሣኤ አየ። እንደ ድሮው ነው ያያት፣ የጠፋ ካልሲ ሲፈልግ ሙሉን እንደሚያየው። «እኔ አለሁ አባዬ» የሚለው ቃል አፏ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ዐይኗንም አልሰበረችም።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማራለኋ» አለ።

ትንሣኤ ብዙም አላመነችውም። መምሬ ተክሌ ግን «ይሁን፤ ይሻው ስለ ሙሉ ገብቷል» ብለው አጸደቁት፤ ጽዋውም ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ባለተራ ተሰጠ።

እንግዶቹ ሲወጡ ገና ፀሐይ ነበረች። ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ ጆጉ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቆልሏል። እትዬ ብርቱካን ወደ ትንሣኤ ጠጋ ብለው «እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ይወራል?» አሉ በቁጣ።

«እትዬ፣ እርስዎንስ ወገብዎን አያምዎትም?»

«አያመኝም ያለሽ ማን ነው?» አሉ እትዬ፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እየተነጫነጩ ሄዱ።

ትንሣኤ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ቢጫው ጀሪካን እዚያው ግድግዳው ሥር ነው፤ ዝናብ አፈር ረጭቶበታል። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። እዚያው ልትቀመጥ አሰበችና ተወችው። አንጠልጥላው መጣችና ግቢው መሐል፣ ከቤቱም ከመንገዱም በሚታይ ቦታ አስቀመጠችው። የሒሳብ መጽሐፏን አምጥታ ቁጭ አለች።

«መንገድ ዘጋሽ እኮ» አለ ዮናስ።

«በጎን እለፍ። ሳፋው በሩ ጀርባ ነው፣ ኦሞው ደግሞ "ጨው" የሚለው ቆርቆሮ ውስጥ።»

ዮናስ ቆሞ አያት። ከዚያ እያጉረመረመ የማድ ቤቱን በር አልፎ ገባ። አባቷ ጋቢውን አጥፎ አስቀመጠና እጅጌውን ሰበሰበ፤ ከየት እንደሚጀመር ግን አላወቀም፣ ብርጭቆ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ትንሣኤ ልትነሳለት ቃጣት። አልተነሳችም።

ሻሿን ፈታች፣ እግሯን ዘረጋች። ከዚያም ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ሁለቱም እንዲሰሙ አድርጋ፣ «ወይኔ ወገቤ» አለች፤ መጽሐፉንም ገለጠች።