አንድ ሰው ለጎደለው ጥግ

«አማራ በመስኮቱ በኩል! ኦሮሞ በበሩ! ትግራይ ወደ ሰሌዳው! ጉራጌ ከኋላ!» መምህር ውድነህ በጠመኔ እየጠቆሙ ጮኹ። ስምንተኛ ቢ እየተጋፋ አራት ቦታ ተከፈለ። መሐል ላይ ከይሪያ ብቻዋን ተገትራ ቀረች።

አገር ቤት ሁሉም ነገር በብሔር ሆኗልና፣ አሰብ ያለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤትም የተማሪ ኮሚቴውን በብሔር ሊመርጥ ነው። የሚኒ ሚዲያውን ማይክ የሚይዘውም ከእንግዲህ የኮሚቴ አባል ብቻ ነው ተባለ። ማይኩ ደግሞ የከይሪያ ነበር! በጠዋት ሰልፍ ዜና የምታነበው እሷ ናት፤ ያ እሳት የሆነ ሙቀት ሰውን ሁሉ ሲያዝለፈልፍ እንኳ ቀርታ አታውቅም።

«ቲቸር፣ አርጎባስ የት ይቁም?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። መምህሩ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «አንቺ አንድ ሰው ነሽ። ለአንድ ሰው የኮሚቴ ወንበር አይመደብም። ካንዳቸው ተጠጊ።»

«አቦ ወደኛ ነይ!» አለቻት የልብ ጓደኛዋ ሉሊት ከመስኮቱ ጥግ። «አንድ ሰው ነው የጎደለን። አንቺ ከመጣሽ ሁለተኛ ወንበር እናገኛለን፤ እሱን ላንቺ እንሰጣለን። ማይክሽም አይነካም። አማራ ነኝ በያ፣ ምን አለበት?»

ከይሪያ ደሟ ፈላ። የነዳጅ ማጣሪያው በያጅ አባቷ፣ ከሥራ ሲመለስ በአርጎብኛ እያንጎራጎረ ነው በር የሚያንኳኳው። እሱን ምን ትለዋለች?

«ወንበር መሙያ ስሆን አለሁ፣ በራሴ ስም ስመጣ የለሁም? ተዪኝ!»

«ኧረ ምን ያስቆጣሻል? ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ለኔ ብለሽ ቢሆንማ አንቺ ወደዚህ ትመጪ ነበር።»

ሉሊት አቀረቀረች። ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

«እንግዲያው ማይኩን አምጪ» አሉ መምህሩ።

ከይሪያ ከቦርሳዋ አወጣችው። እንባዋ መጣ፣ የንዴት እንባ። ሽቦውን እንደወትሮው አስተካክላ ጠቀለለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ተመልሳ መሐል ላይ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

በየጥጉ ምርጫው ተጀመረ፣ ጫጫታውም ቀለጠ። ውጭ ከወደቡ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ክላክስ ያስጮኻሉ። ከይሪያ የነገውን ዜና አውጥታ ረጃጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች መሰረዝ ጀመረች። ያለ ማይክ ከክላክሱ በላይ ለመጮህ አጫጭሩ ይሻላል።