ያልተፈጨ ቅርፊት

በነሐሴ ወር ሁለተኛው እሑድ ጠዋት፣ ባሮ ሞልቶ የጋምቤላንና የኢታንግን መንገድ በቆረጠበት ሰሞን፣ በሙስጠፋ የቆዳ ማልፊያ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቱ ሙስጠፋ፣ ሚስቱ ዘሃራ፣ ወንድሟ ሾፌሩ ሷሊህ፣ ቆዳ ሊገዛ ከጋምቤላ ከተማ መጥቶ ውሃ ያገደው ጫማ ሠሪው ጌዴዎን፣ ቆዳውን የሚያለፋው ሽማግሌ አባባ አስማረ፣ ቆዳ የሚለፋበትን የዛፍ ቅርፊት የሚፈጨውን ወፍጮ የሚያሠራው ኦቹዶ። ምሳ ሳይደርስ አምስት ቀሩ።

ሙስጠፋን ወፍጮ ቤት ውስጥ ያገኘው ሷሊህ ነው። ማጅራቱን ተመትቶ በወፍጮው አፍ ላይ ተደፍቷል። ሞተሩ አልተነሳም። ሞተሩን የሚያስነሱበት ከባድ የብረት እጀታ ግን ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ የለም። በእጀታው የሚሠራው ኦቹዶ ነው። በዚያ ጠዋት ከሙስጠፋ ጋር ሲጨቃጨቅ የተሰማውም ኦቹዶ ነው። ሷሊህና ጌዴዎን ግራና ቀኝ ይዘው ቅርፊት መጋዘን ውስጥ ከተቱትና በሩን ከውጭ ቆለፉበት።

«ነገ ወንድሞቹ በጀልባ ይመጣሉ» አለው ሷሊህ በሳንቃው ክፍተት። «ለእነሱ ታስረዳለህ።»

ኦቹዶ የሙስጠፋን ወንድሞች ያውቃቸዋል። ማስረዳት የሚባል ነገር እንደማይኖር አወቀ።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። በአንድ በኩል ደረቅ የግራር ቅርፊት በጆንያ ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል ሙስጠፋ አርብና ቅዳሜ ብቻውን በታንኳ ወጥቶ ያመጣው እርጥብ ቅርፊት ተቆልሏል። አቧራው ጉሮሮውን ከረከረው። ከጣሪያው ላይ ዝናብ፣ ከግድግዳው ሥር የውሃው መንሸራተት ይሰማዋል። በሩ ቢከፈትለት እንኳ የሚሮጥበት ደረቅ መሬት የለም።

ከሰዓት በኋላ አንድ እጅ ኩባያ ይዞ በክፍተቱ ገባ።

«ጠጣ፣ ልጄ።»

የአባባ አስማረ ድምፅ ነው። እጁ ግን ግራ እጁ ነበር። ኦቹዶ ሥራ በጀመረ ሰሞን ለሽማግሌው አንድ ቆዳ በግራው ሲያቀብል «በግራ የሚሰጥ ሰው ወይ ንቋል ወይ ተቀይሟል» ብለው የገሠጹት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ረስቶት አያውቅም። ውሃውን ጠጣና ኩባያውን በቀኙ መለሰ። ስለ ሙስጠፋ ሞት እሳቸውም ፈረዱብኝ ብሎ አሰበ። ከመታሰሩ በላይ ይህ ከበደው።

ሰኞ ጠዋት ኩባያው እንደገና ሲመጣ በቀኝ እጅ ነበር። ታረቁኝ አለ በልቡ። ውሃው ሎሚ ሎሚ ሸተተው።

ኢንስፔክተር ኛኩዋት በስልክ ተጠርታ በዚያው ጠዋት ከኢታንግ በታንኳ መጣች። ረጅም ሴት ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ውሃውን እየሰነጠቀች ወደ ግቢው ገባች። ሬሳውን አየች፣ ወፍጮ ቤቱን ዞረች፣ ከዚያ ወንበር ይዛ ከመጋዘኑ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ከግቢው ሁሉ ያልራሰ ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ኦቹዶ ሁሉንም ሰማ፤ በክፍተቱም የቻለውን ያህል አየ።

መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው።

«ቀስ ብለህ ተናገር» አለችው። «አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ፈጣን ውሸት ያመልጠኛል። ገደልከው?»

«አልገደልኩም።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«እርጥብ ቅርፊት ፍጭ አለኝ። እርጥብ ቅርፊት አይፈጭም፤ እንደ ጭቃ ይሆንና ወፍጮውን ያንቀዋል። እሱ ደግሞ ቆዳውን የምንነክርበት የጉድጓዱ የቅርፊት ውሃ ኃይሉ አልቋል፣ ቆዳው ሊበሰብስብኝ ነው ይላል። እምቢ አልኩት። ራሴ ወፍጮውን አጎርሰዋለሁ አለ። እጀታውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ የዓሣ መረቤን ለማየት ሄድኩ።»

«ማን አየህ?»

«ዓሣው።»

«ዓሣ ምስክር አይሆንም። እጆችህን አውጣ።»

በክፍተቱ አወጣቸው። ገለበጠቻቸው፣ አሸተተቻቸው። አቧራና የሞተር ዘይት ነበረባቸው።

«እዚያው ቆይ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለጊዜው ከዚህ ግድግዳ የሚሻል ጠባቂ የለህም።»

ጌዴዎን ገና ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። «እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። የምደበድበው ሶል ብቻ ነው። ትላንት ጠዋት በሷሊህ የጭነት መኪና፣ በአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተኝቼ ነበር።»

«ከጉድጓዶቹ አጠገብ ደርሰሃል?»

«ከዚያ ሽታ? ያለቀለት ቆዳ ነው የምወደው።» ወደ ክፍተቱ ጎንበስ አለ። «ኦቹዶ፣ መረብህ ውስጥ የነበረውን ዓሣ ትላንት ማታ በላንልህ። ግፍ እንደሆነ የገባኝ ስበላው ነው፤ ሎሚ እንኳ አልነበረውም።»

«ማን ማን በላችሁ?» አለች ኛኩዋት።

«እኔ፣ ሷሊህ፣ ዘሃራም ለወጉ ያህል ቀመሰች። ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። አባባ ፍልሰታ ነው ብለው አልቀረቡም። እኔም እጾማለሁ፤ ግን ዓሣ ያስፈታል አያስፈታም የሚለውን ለቀሳውስት ትቻለሁ።»

ሷሊህ አጭር ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ቆጥ ላይ ወጥቶ ደረቅ ቆዳ ሲያስር እንደቆየ፣ ሲወርድ የወፍጮ ቤቱን በር ከውጭ ተቀርቅሮ እንዳገኘው፣ መወርወሪያውን ስቦ እንደገባ ተናገረ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ገዳዩ ከኋላሽ ነው» አለ።

«ከኋላዬ ያለው ተቆልፎበታል» አለች። «የማስበው ስላልተቆለፈበት ነው።»

ዘሃራ ስትመጣ ኦቹዶ ዓይኑን ከክፍተቱ አነሳ። እሷን ማየት አልቻለም።

«አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። አንድ ነገር አስረጂኝ። የወፍጮ ቤቱ መወርወሪያ ላይ ጥቁር የጣት ምልክት አለ። ምንድን ነው?»

«የቅርፊት ውሃ ነው።»

«የቅርፊት ውሃ ቡናማ ነው።»

«ብረት ሲነካ ይጠቁራል። እጅሽ በጉድጓዱ ውሃ ርሶ ብረት ከያዝሽ እጅሽም ብረቱም እንደ ቀለም ይጠቁራል። ለዚህ ነው በግቢያችን የብረት ባልዲ የሌለው፤ ኩባያው እንኳ ፕላስቲክ ነው።»

«በሳሙና ይለቃል?»

«በሳሙና? አይለቅም። ቆዳ ላይ ሲደርስብን በሎሚ ነው የምናሸው።»

«እስቲ ሎሚ አምጪልኝ፤ መወርወሪያው ላይ ልሞክረው።»

ዘሃራ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለከተች። «ትላንት ኦቹዶ ሲታሰር የሎሚው ዘንቢል ሙሉ ነበር። ማታ ለዓሣው ስፈልገው አጣሁት። በዚያ ሐዘን ስለ ሎሚ ማንን እጠይቃለሁ?»

«ይህን እርጥብ ቅርፊት ከየት አመጣው?»

«ከሩቅ ነው ብቻ አለኝ። ተይ አትጠይቂኝ አለ።»

ኛኩዋት ወደ ውሃው ተመለከተች። «ስመጣ በሰፈራ መንደሩ በኩል ሦስት ግራሮች አየሁ፤ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ከሥር እስከ ቅርንጫፍ ተልጠው አጥንት መስለዋል። ታንኳ ቀዛፊው በዚያ አልፍም ብሎ አዞረኝ።»

አባባ አስማረ በመጨረሻ መጡ። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።

«የት ነበሩ፣ አባባ?»

«ከጉድጓዶቼ። ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«ቤትዎ ከዚያ ማዶ ነው?»

«ሰፈራ መንደሩ ነው። ከወሎ ያመጡን ጊዜ የተሠራ ጎጆ ነው። ውሃው ከያዘኝ ሰነበተ፤ አላየሁትም።»

«ልጆች አሉዎት?»

«ሦስት ነበሩ። በመጣን ዓመት ወባ በአንድ ክረምት ወሰዳቸው።»

ሌላ አልጠየቀቻቸውም። እጃቸውን ግን አየች። ኦቹዶም በክፍተቱ አየ። የግራው እጅ እንደ ሁልጊዜው እስከ ክንዱ ቡናማ ነው። የቀኙ መዳፍ ነጣ ብሏል።

ኦቹዶ ከክፍተቱ ሸሸና እርጥቡ ቅርፊት ላይ ተቀመጠ። ያየውን ማሰብ አልፈለገም። ጣቶቹ ግን ሥራ ፈትተው ቅርፊቱን ይዳስሱ ነበር፤ በአንዱ ሰፊ ልጣጭ ላይ የሻከረ ጠባሳ አገኙ። አንድ መስመር ወደ ታች፣ አንድ መስመር ወደ ጎን። ድሮ በቢላ ተቀርጾ ዛፉ ያሻረው መስቀል ነው። ለምን እንደተቀረጸ አላወቀም። ኢንስፔክተሯ ቅርፊቱ ከየት እንደመጣ ስትጠይቅ ሰምቷል፤ ይጠቅማት ይሆናል ብሎ በክፍተቱ አቀበላት። በቀኝ እጁ ነው ያቀበላት።

ኛኩዋት የመስቀሉን መስመሮች በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

ከሩቅ የጀልባ ሞተር መሰማት ጀምሮ ነበር። ሷሊህ ሰምቶ ወደ ውሃው ዞረ።

«እስኪደርሱ እንጨርሳለን» አለች። «ሙስጠፋን የገደለው ሰው በሩን ቀርቅሮ ወጣ። መወርወሪያው ላይ ጥቁር ጣት ተወ። ስለዚህ እጁ በቅርፊት ውሃ የራሰ ነበር። ኦቹዶ የሚሠራው በደረቅ ቅርፊት ነው፤ እጁን አይቼዋለሁ፣ የጠቆረ የለበትም።»

«ታጥቦት ይሆናል» አለ ሷሊህ።

«በምን? በሳሙና አይለቅም። ሎሚው የጠፋው እሱ ከታሰረ በኋላ ነው። ዘንቢሉ ከወጥ ቤት ነው፤ እሱ ከዚህ አልወጣም።»

ወደ ሷሊህ ዞረች።

«አንተም፣ ጌዴዎንም፣ ዘሃራም ትላንት ከአንድ ትሪ በላችሁ። የጠቆረ እጅ ቢኖር ትሪው ላይ ይታይ ነበር። አንድ ሰው አልቀረበም። ፆም ነው፤ ማንም አልጠረጠረም። እኔም አልጠረጠርኩም፤ ሎሚ መጥፋቱን እስክሰማ ድረስ።»

ጌዴዎን ቀስ ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ለምን የሚለው ቀረኝ» አለች ኛኩዋት። ልጣጩን ከፍ አደረገች። «እነዚያን ግራሮች ታንኳ ቀዛፊው ያልቀረባቸው መቃብር ላይ የቆሙ ስለሆኑ ነው። አንድ አባት በሦስት ልጆቹ ላይ ሦስት ግራር ተከለ፤ ሲያድጉ በየአንዳንዱ ላይ መስቀል ቀረጸ አለኝ። የማን እንደሆኑ አልነገረኝም። ሙስጠፋ ቆዳው እንዳይበሰብስበት ዛፎቹን ላጣቸው። ትላንት ያን ቅርፊት ለወፍጮው ሲያጎርስ፣ ከጉድጓዱ የመጣ ሰው አየው።»

የጀልባው ድምፅ ቀረበ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለችና ወደ ሳንቃው ዞረች። «ኦቹዶ፣ ትላንት ውሃ ማን ሰጠህ?»

«አባባ አስማረ።»

«በየትኛው እጃቸው?»

ኦቹዶ በክፍተቱ ተመለከተ። የሽማግሌው ዓይን እሱ ላይ ነበር። ከጀርባቸው፣ በውሃው ላይ፣ ጀልባው ውስጥ የቆሙ ሰዎች ይታያሉ። «በግራ» ቢል በሩ ይከፈታል። ዝም ቢል እነዚያ ሰዎች ይደርሳሉ። ቆዳ መግፈፍም፣ ማልፋትም፣ በቀኝ መስጠትም ያስተማረው ይህ ሰው ነው።

«አላየሁም» አለ። «ጨለማ ነው።»

አባባ አስማረ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«በግራዬ ነው» አሉ። «ቀኜ ከሰል መስሎ ነበር። ውሃ ይዤልህ በመጣሁ ቁጥር ልነግርህ ነበር፣ ልጄ። አፌን ያዘኝ።»

ዘሃራ ፊቷን ሸፈነች።

«አጥብቄ ጠየቅኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ለእሷ ይሁን ለኢንስፔክተሯ ሳይታወቅ። «ከየት አመጣኸው አልኩት። ዛፍ ዛፍ ነው፣ አባባ፣ ሌላ ይበቅላል አለኝ። ክፉ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። መስቀሉ ወደ ወፍጮው አፍ ሲሄድ አየሁ። ልጆቼን ሊፈጫቸው ነበር። እጀታው በእጄ መግባቱን ያወቅኩት ከወደቀ በኋላ ነው። ውሃ ውስጥ ጣልኩት።»

ኛኩዋት ለሷሊህ እጇን ዘረጋችለት። «ቁልፉን።»

ሷሊህ በሩን ራሱ ከፈተ። ኦቹዶ ሲወጣ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ሷሊህ ቁልፉን እንደያዘ ከበሩ ገለል አለለት።

ጀልባው ደረሰ፤ ኛኩዋት በወንድሞቹና በሽማግሌው መካከል ቆመች። የሙስጠፋን ሬሳ ወንድሞቹ ተሸክመው ጫኑ። አባባ አስማረ ከኢንስፔክተሯ ጋር በታንኳ ወደ ኢታንግ ሄዱ፤ ከመሄዳቸው በፊት ኦቹዶ ውሃ ሰጣቸው፣ ጠጡ። እርጥቡ ቅርፊት አልተፈጨም። ውሃው ሲጎድል ኦቹዶ ተሸክሞ ወስዶ ከሦስቱ ግራሮች ሥር አፈሰሰው። ግራሮቹ በዚያው ዓመት ደረቁ።