የአባባ ፉርጎ ወፍራም ሻይ

እማማ ክር ከሞቱ ገና አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፤ የመጦሪያው ኮሪደር ግን ተወልውሎ ያበራል። ተቆጣጣሪዋ በሩን አልፋ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እርጥቡ ወለል ላይ ነበር። ሰው ሞቶበት ወለል የሚወለውል ቤት አለ ትላላችሁ? ሞቱን ስትሰማ እሷንም ገርሟታል፤ ግን ምንም አላለችም። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ዝም ማለትን ከማንም በላይ ተክናበታለች።

የመጣችው ለሬሳ አልነበረም። የአረጋውያን መኖሪያዎችን ጥራትና ደኅንነት በሚመረምር ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ሥራዋም ሳታስታውቅ ዱብ ማለት ነው። የምትሄድበት ቤትና ቀኑ ከሳምንት በፊት በታሸገ ፖስታ ለእሷ ብቻ ይሰጣታል።

በር ላይ የተቀበለቻት ዋናዋ ነርስ ናት። ሁለቱ ከነርሶች ትምህርት ቤት ጀምሮ በአንድ ብርድ ልብስ ያደሩ ጓደኛሞች ናቸው። ይህን ቢሮው አያውቅም፤ ተቆጣጣሪዋም አልተናገረችም።

«ሚጢዬ! በምን ቀን መጣሽብን!» አለች ዋናዋ ነርስ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «ጭራሽ አልጠበቅንሽም። እማማ ክር ሁለት ሰዓት ላይ ትን ብሏቸው አረፉ። ያቺ አዲሲቷ ቀጭን ሻይ ሰጥታቸው።»

«አይዞሽ፣ እታለም» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ ከልቧ አዝናላት ነበር።

እማማ ክር ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ ሴት ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ሽባ ካደረገው ወዲህ ውሃ እንኳ ሲጠጡ ወደ ሳንባቸው ስለሚገባ፣ የሚጠጡት ሁሉ በማወፈሪያ ዱቄት ይወፍር ነበር። ለዚህም በቤቱ አንድ ሥርዓት አለ። ወፍራም የሚጠጣ ሰው ራስጌ ቀይ ኩባያ የተሳለበት ወረቀት ይለጠፋል፤ እንደማንኛውም ሰው የሚጠጣው ራስጌ ደግሞ ሰማያዊ። ሥርዓቱን ያወጣችው ዋናዋ ነርስ ስትሆን፣ ለሠራተኞቿ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፊት አትዩ፣ ኩባያ እዩ።»

ሬሳው በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ላቡን እየጠረገ ይንቆራጠጣል፤ በየሁለት ቃሉ መሃል «የቤታችን መልካም ስም» ይላል። ፖሊሱ ሳጅን በሩን ተደግፎ ይጽፋል። ሻዩን የሰጠችው አዲሲቷ ተንከባካቢ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ለቅሶዋን ጨርሳ ተቀምጣለች።

«ሥራ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለቻት ተቆጣጣሪዋ።

«ሁለት ሳምንቴ ነው፣ እትዬ። የማውቀው ላይኛውን ፎቅ ነው። ትናንት ‹ነገ ታች ትገቢያለሽ› አሉኝ። አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ፤ ሻይ ያደልኩት ወረቀቱን እያየሁ ነው።»

«እዚህ ምን አየሽ?»

«ሰማያዊ ኩባያ። ልጆቼን ያሳጣኝ፣ ሰማያዊ ነበር!»

«ይኸው ቀይ ነው እኮ» አለ ሳጅኑ በእስክሪብቶው ወደ ግድግዳው እየጠቆመ።

«አሁንማ ቀይ ነው!»

«ስሙልኝ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ወረቀት በራሱ ቀለም ይቀይራል?»

ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም። «እስከ ሰባት ሰዓት እጠብቃለሁ» አላት ተቆጣጣሪዋን። «ከዚያ ይዣት እሄዳለሁ። ሰው ሞቷል።»

«ልጆቼ ስምንት ሰዓት ከትምህርት ቤት ይወጣሉ» አለች ተንከባካቢዋ፣ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ። «ከእኔ በቀር የሚቀበላቸው የለም።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። የነርስ መጥሪያው በስተግራ ተንጠልጥሏል፤ በሽባው እጅ በኩል። ቀኝ እጃቸው አንሶላውን ጨምድዶ ይዟል፤ ጥፍሩም ነጭ ሆኗል። ትን ሲላቸው መጥሪያውን ሊይዙ ሞክረው እንዳልደረሱበት ገባት። እግራቸውን ገለጥ ስታደርግ ተረከዛቸው ላይ ሣንቲም የሚያክል የአልጋ ቁስል አየች፤ ፋሻው የዛሬ አልነበረም። ከዚያ ተንጠራርታ የቀዩን ወረቀት አንድ ጠርዝ በጥፍሯ ላጥ አደረገች፤ ፕላስተሩን አገላብጣ አየችና መልሳ ለጠፈችው። የዚህ ክፍል ግድግዳ ክሬም ቀለም ነው።

«መቼ ነው እዚህ የገቡት?» አለች።

«ማክሰኞ» አለች ዋናዋ ነርስ ከኋላዋ። «ጸጥታ ፈልገው ራሳቸው ጠይቀውኝ ነው፤ እዚህ የነበሩት አባባ ፉርጎ በመንገድ በኩል ባለው በሳቸው ክፍል ገቡ። ሁለቱ ነባር ተንከባካቢዎቼ ምስክር ናቸው።»

ሁለቱ ነባሮች መሬት መሬት እያዩ «አዎ፣ ማክሰኞ ነው» አሉ። ዛሬ ጠዋት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ዋናዋ ነርስ ግቢ እንዲጠርጉ ልካቸው እንደነበር ተናገሩ። ከሁለቱ አንዷም አዲሲቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

የእማማ ክር ልጅ ኮሪደሩ ላይ የእናቷን መነጽር ታቅፋ ተቀምጣለች። የምትኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው፤ ዛሬ ግን ተደውሎላት በርራ መጥታለች።

«ክፍል መቀየር ፈልገው ያውቃሉ?» አለቻት ተቆጣጣሪዋ።

«እናቴ? ያንን መስኮት ትታ?» ልጅቱ በእንባዋ መሃል ሳቅ አለች። «‹መርፌ ቀዳዳዋን የምታሳየኝ እዚህ ብርሃን ላይ ብቻ ነው› ትል ነበር። ግን ዋናዋ ነርስ ካለች እውነት ነው። ለእናቴ ከእኔ የቀረበች እሷ ናት። እሑድ ቁስሏን አሳይቻት ‹በኔ ጣዪው› ብላኛለች።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባች። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ መስኮቱ መንገዱን ያሳያል። አባባ ፉርጎ፣ ጡረታ የወጡት ባቡር ነጂ፣ ትራስ ተደግፈው መኪና ይቆጥራሉ። ራስጌያቸው ላይ ሰማያዊ ኩባያ ተለጥፏል።

«ተስማማዎት፣ አባባ?»

«በጣም እንጂ! ማክሰኞ ነው የገባሁት» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። መነጽራቸውን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ቀኝ ሰደዱ፤ አየር ጨበጡ። ኮሞዲኖው በስተግራ ነበር።

«ቁርስስ እንዴት ነበር?»

«ተይኝ ልጄ! ሻይ አምጡ ብል ሙጫ አመጡልኝ። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል! በአርባ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ያየሁት የሞተር ቅባት ብቻ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ልትስቅ ብላ ቀና ስትል ሰማያዊውን ኩባያ አየች። ከጎናቸው ተቀመጠች። ከነገሩ ይልቅ የነገሩ ባለቤት ነበረች የከበደቻት።

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አባባ ፉርጎ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ሁለቱን ወረቀቶች ራሷ ከየግድግዳው አንሥታ በእጇ ይዛለች።

«ከሻዩ ልጀምር» አለች። «ዛሬ ጠዋት ታች ሻይ ያደለችው አንድ ሰው ናት፤ አዲሲቷ። አባባ ፉርጎ ለመዋጥ ችግር የለባቸውም፤ ግን ሻያቸው ወፍራም ነበር። እማማ ክር ወፍራም ይገባቸው ነበር፤ የተሰጣቸው ቀጭን ነው። ይቺ ልጅ ወረቀት ሳታይ የምታድል ቢሆን ሁሉም ቀጭን ይደርሰው ነበር። ዱቄት የጨመረችው አንድ ቦታ ነው፤ አረንጓዴው ክፍል። ታዲያ ቀዩ ኩባያ በሻይ ሰዓት የት ነበር?»

«አረንጓዴው ክፍል» አለ ሳጅኑ፤ እስክሪብቶው ቆመ።

«ይኸው፣ ይዩት።» የቀዩን ወረቀት ጀርባ አሳየችው። ፕላስተሩ ላይ የአረንጓዴ ቀለም ቅርፊት ተጣብቋል። የሰማያዊው ፕላስተር ደግሞ ክሬም ቅርፊት ይዟል። «ሰዎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ወረቀቶቹ ተረስተው በየግድግዳቸው ቀሩ። እማማ ክር ከሞቱ በኋላ ነው አንድ ሰው ያቀያየራቸው።»

«እሷስ ራሷ ቀይራው ቢሆን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የቀየረች ሰው ‹ሰማያዊ ነበር› ብላ ትጮሃለች? ቀይ መለጠፍ ‹ሥርዓቱ ደህና ነበር፣ ጥፋቱ የልጅቱ ነው› ማለት ለሚፈልግ ሰው ነው የሚጠቅመው።»

«ማክሰኞ ሲዛወሩ ወረቀቶቹንም አብሬ ቀይሬያለሁ» አለች ዋናዋ ነርስ በእርጋታ። «ቅርፊቱ የዚያን ጊዜ ነው።»

«ያኔ ቀይረሽው ከሆነ፣ እታለም፣ አባባ ፉርጎ ዛሬ ሙጫ ለምን ጠጡ? ሦስት ቀን በተኛሽበት ክፍል መነጽርሽን በስተቀኝ ትፈልጊያለሽ? አንቺስ፣ የሠላሳ ዓመት ነርስ፣ ግራ ጎኗ ሽባ የሆነ ሰው መጥሪያ በግራ ተንጠልጥሎ ሦስት ቀን ዝም ትያለሽ? ማክሰኞ የሚባል ነገር የለም። የተዛወሩት ዛሬ ነው፤ የሌሊት ተረኞች አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጥተው የቀኖቹ አንድ ሰዓት እስኪገቡ ባለው ግማሽ ሰዓት። ያኔ በዚህ ፎቅ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እማማ ክርን የሚያውቁትን ግቢ ላክሽ፤ የማታውቃቸውን ከላይ አወረድሽ። ታች ሠራተኛ በዝቶ እንዲታየኝ።»

አባባ ፉርጎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቃል ሰጥቻት ነበር» አሉ። «ማለዳ ራሷ እየገፋች አመጣችኝ። ‹እንግዳ ከመጣ ማክሰኞ ገባሁ ይበሉ› አለችኝ። እኔ መስኮት አገኘሁ ብዬ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ...»

ከሁለቱ ነባሮች አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላዋ «ፈርተን ነው» አለች። አዲሲቷ ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየቻቸው። «አብሬያችሁ ነው እኮ ምሳ የምበላው» አለች።

ዋናዋ ነርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሚጢ፣ አንቺ ሁልጊዜ የምትጀምሪው ከፊት ክፍል ነው፤ ያንን ቁስል እዚያ ብታዪው ቤቱን ትዘጊው ነበር። ስልሳ ሰው የት ይሄዳል? ለአንድ ቀን ነበር፤ ማታ ልመልሳቸው። ወረቀቱን... በጥድፊያ ረሳሁት። እሳቸውን ልጎዳ አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ይህችን ልጅ ግን አስበሽበት ነው። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወረቀት ስትቀያይሪ ረስተሽ አልነበረም።»

የእማማ ክር ልጅ ተነሣች፤ አልጮኸችም። «እሑድ ጉንጭሽን ስሜ ‹እናቴን አደራ› ብዬሽ ነው የሄድኩት» አለቻት። «አደራ አልኩሽ እኮ።»

ሳጅኑ ደብተሩን አጠፈና ከዋናዋ ነርስ ወንበር አጠገብ ቆመ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለው ሥራ አስኪያጁን። «ቁጥጥሩ ድንገተኛ ነው ብለውኛል። ዛሬ መሆኑን እንዴት አወቀች?»

«እኔ በነፍሴ አላውቅም ነበር!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ዋናዋ ነርስ ቀና ብላ ጓደኛዋን አየቻት። «እህትሽ ነኝ እኮ፣ ሚጢ» አለች ቀስ ብላ። ዝም በዪ ማለቷ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ዝም ማለት እንደምትችል ነግሬያችሁ ነበር።

«እሑድ ደውላ ‹ሐሙስ ምሳ እንብላ› አለችኝ» አለች። «‹ሐሙስ አይመቸኝም፤ ወደ እናንተ ሰፈር ሥራ አለኝ› ብዬ ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ እንኳ የተናገርኩት አልታወቀኝም። እሷ ግን አውቃዋለች። ጠዋት በር ላይ ስታቅፈኝ ‹አልጠበቅንሽም› አለችኝ፤ አመንኳት።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሳጅኑ ዋናዋን ነርስ ይዞ ወጣ። ተንከባካቢዋ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለችና ማንንም ሳትሰናበት ወደ ልጆቿ ሄደች።

ተቆጣጣሪዋ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቅጹን አወጣች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጉብኝቱ ሳይታወቅ በድንገት የተደረገ ነው?» ይላል፤ ጠዋት በር ላይ እንደልማዷ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋበታለች። ሰረዘችው። «አይደለም» የሚለውን መረጠች። ከሥሩ «ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጽፋበት አታውቅም።

«እኔ ነግሬያት ነው» ብላ ጻፈችና ፈረመች።